አንድ ሰው ብቻ የለካ ልብስ ሰፊ፦ ለቀድሞ ተማሪዬ የጻፍኩት ምላሽ

«በልካችን የተሰፋች ዓለም» የሚለውን ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ እያለኝ። ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዤ።

ላላነበቡት ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊው እዚሁ ሐረር ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዛሬ መሐንዲስ ሆኗል። ስሙን አልጠራም። ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው፦ የተፈጥሮ ቁጥሮች እንደ ክራር ክር ለሕይወት ተብለው ተቃኝተዋል። ትንሽ ቢዛነፉ ኮከብም፣ ውኃም፣ ሰውም አይኖርም ነበር። ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ዜሮ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ መኖሩን ሳይንስ አረጋግጧል። ይህን የማይቀበል «ወይ አልተማረም፣ ወይ አያምንም»።

እኔ ተምሬያለሁ። አምናለሁም። ፈጣሪ የለም ለማለት አይደለም ብዕር ያነሳሁት። ካቀረብካቸው ማስረጃዎች ገሚሱ ስህተት ነው። ገሚሱ ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ተማሪዎቼ ጽሑፍህን ክፍል ይዘው እየመጡ «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ማለፍ አልሆነልኝም።

አንተ ከመኪና ግርግር ስለጀመርክ እኔም ከዚያው ልጀምር። «መኪና ግርግር ሄዶ ልክክ ያለ ኮት የለበሰ ሰው ያየ፣ ሰፊ የለም ሊል ይችላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ቆንጆ አጀማመር ነው። ሐረርን ለማያውቅ፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሱሪ ላሰፋ እዚያው ሄጄ ነበር። ጽሑፍህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቤን ለካ፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ አሰመረ። ከዚያ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ቆረጠ። ወደ ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«አቦ፣ ሰው ይወፍራል!» አለኝ። «እስከ ሁለት ጣት እለቅልሃለሁ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሱሪ ነው።»

ትንሽ ቆየሁና «የኔ እጅ ረጅም ነው ወይስ አጭር?» ብዬ ጠየቅኩት። ሜትሩን ሳያነሳ «ረጅም ነው» አለ። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው መርገጫውን እየረገጠ መለሰልኝ። «ስንት ሺህ ሰው ለክቻለሁ!»

ሰውዬው ሳያውቀው ለጽሑፍህ ሁለት ጥያቄ ሰጠኝ። አንደኛው፣ ልኩ ስንት ጣት ቢዛነፍ ነው ልብሱ የማይሆነው? ሁለተኛው፣ ይህን የሚለው ሰው ስንት ሰው ለክቷል? ነጥቦችህን በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብህ ይህ ነው፦ «ምድር ወደ ፀሐይ አንድ ክንድ ብትጠጋ እንቃጠላለን፣ አንድ ክንድ ብትርቅ በረዶ እንሆናለን።»

ይህ ስህተት ነው። የምድር መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም። በየዓመቱ ወደ ፀሐይ እንቀርባለን፣ እንርቃለንም። በጣም የምንቀርበው ገና ሊደርስ ሲል፣ ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው። ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጣም የምንርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ከፀሐይ የምናገኘው ብርሃንም በዚሁ ምክንያት 7 በመቶ ያህል ይለያያል። ማንም አልተቃጠለም። እንዲያውም የታኅሣሥን ጠዋት ታውቀዋለህ፤ ለፀሐይ እጅግ በቀረብንበት ሰሞን ጋቢ ደርበን ነው የምንወጣው።

ቅርብ ምሳሌ ከፈለግክ ድሬዳዋ አለልህ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ነች። ደንገጎን ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ታች ትወርዳለህ። በአንተ ስሌት ከሄድን፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ስትቆም ሐረር ለፀሐይ ከ1,000 ክንድ በላይ ትቀርባለች። ግን ሹራብህን አውልቀህ መስኮት የምትከፍተው ወደ ድሬ ስትወርድ ነው። ሙቀቱን የሚወስነው የአየሩ ነገር ነው።

እውነተኛው ጥያቄ «ስንት ጣት ይለቀቃል?» የሚለው ነው። ውኃ ሳይተን፣ በረዶም ሳይሆን የሚቆይበትን ቀጠና ያሰሉ ሰዎች መልሳቸው ይለያያል። ወደ ውስጥ በኩል ያለን ትርፍ ከ1.5 እስከ 7.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው የሚሉ አሉ። ወደ ውጭ በኩል አንዳንዶቹ 100 ሚሊዮን ያደርሱታል። ወደ ውስጥ ያለው ጠበብ ይላል፣ እውነት ነው። ክንድ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን አባባል ከእኔ ሳትሰማው አልቀረህም። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ለየክፍሉ እናገረው ነበር። ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ሰው ሲለው ሰምቼ ነው። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለእረፍት መጣች። ቤቴ ድረስ መጥታ «ቲቸር፣ ያ ያልከን ነገር ውሸት ነው» አለችኝ። ቁጥሩን አሳየችኝ። ቀጥላ የተናገረችው ግን ዛሬም ይከነክነኛል። «ሌላውስ ያስተማርከን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ስለዚያች ጥያቄ ብዬ ነው።

«የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን እንዲሆን ለእኛ ተለክቷል» ላልከው ብዙ አልልም። በምድር ዕድሜ የመጀመሪያው ግማሽ ገደማ በአየሩ ውስጥ ኦክስጅን ከናካቴው የለም ማለት ይቻል ነበር። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መጠራቀም ጀመረ። ያመረቱት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ከዚያም በኋላ መጠኑ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። እኛ የመጣነው አየሩ ካለበት ቦታ ላይ ነው። እዚህ ልብሱን የሰፋው ለባሹ ራሱ ነው።

ወደ ከበደው ነጥብህ ልሂድ። «የአቶምን እምብርት አጣብቆ የያዘው ኃይል 2 በመቶ ቢጨምር ኖሮ ሃይድሮጅን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። ኮከብ አይኖርም፣ ውኃም አይኖርም» ብለሃል።

ይህን ያመጣኸው ከራስህ አይደለም። ትልልቅ የፊዚክስ ሰዎች ለዓመታት ብለውታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዛሬ ሁለት ፕሮቶኖች፣ ማለትም ሁለት የሃይድሮጅን እምብርቶች፣ ብቻቸውን አይጣበቁም። ኃይሉ ትንሽ ቢጠነክር ግን ይጣበቃሉ። ያኔ ሃይድሮጅን ሁሉ ወደ ሂሊየም ይሄዳል፣ ኮከቦችም እንደ ቦምብ ይፈነዳሉ።

ሲያሰሉት ግን እንዲያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡ ስሌቶች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሃይድሮጅኑ እንደማያልቅ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አውስትራሊያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉክ ባርንስ ኮከቦቹን አሰላቸው። አይፈነዱም። ዝቅ ባለ ሙቀት ረጋ ብለው ይነዳሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮከብ ራሱን ይቆጣጠራል። እሳቱ ሲበዛ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ እሳቱ ይቀንሳል። ድስት ሲፈላ ክዳኑን ከፍ አድርጎ እንፋሎቱን ለቆ እንደሚረጋጋው ማለት ነው።

ልብ በል፣ ባርንስ የአንተ ወገን ነው። ጽንፈ ዓለም ለሕይወት ተቃኝቷል ብሎ በግልጽ የሚከራከር ሰው ነው። የራሱን ወገን የሚጠቅም ምሳሌ በራሱ እጅ አስልቶ አይሆንም አለ። ይህን ሳነብ በጣም አከበርኩት። አንተም እንዲህ እንድትሆንልኝ ነው የምመኘው።

ጽሑፍህን ለማፍረስ ብቻ እንዳልመጣሁ እንድታውቅ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ልስጥህ። ኒውትሮን ከፕሮቶን ይከብዳል። ልዩነቱ 0.14 በመቶ ብቻ ነው። በፊዚክስ መለኪያ 1.29 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ኤሌክትሮን ራሷ 0.51 ነች። ይህ ልዩነት ከኤሌክትሮኗ ክብደት በታች ቢወርድ ኖሮ፣ ሃይድሮጅን ጸንቶ መቆም አይችልም ነበር። ፕሮቶኑ ኤሌክትሮኑን ውጦ ኒውትሮን ይሆን ነበር። ሃይድሮጅን ከሌለ ውኃ የለም። ልዩነቱ በጥቂት እጥፍ ቢጨምር ደግሞ በአቶም እምብርት ውስጥ ያሉት ኒውትሮኖች ይፈርሱና ከሃይድሮጅን በቀር ሌላ ነገር ማግኘት ይቸግር ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ምርመራውን ያለፈ ምሳሌ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ዝም ብለው ሲያዩት አይቻለሁ። ያ ዝምታ ተገቢ ነው። እኔም ዝም ነው የምለው።

ስለ ካርቦን የጻፍከው ክፍል ከሁሉም በደንብ የተጻፈው ነው። ታሪኩ ግን ተዛብቷል። «አምላክ የለሹ ፍሬድ ሆይል ካርቦን ለሕይወት ተብሎ መስተካከሉን ሲያይ ተንበረከከ» ብለሃል።

የሆነው እንዲህ ነው። በኮከብ ሆድ ውስጥ ሁለት ሂሊየም ሲገናኙ ቤሪሊየም ይሆናሉ። ያ ቤሪሊየም ዓይን ከመርገብገብ እጅግ በፈጠነ ቅጽበት ይፈርሳል። ሳይፈርስ ሦስተኛ ሂሊየም ከደረሰ ካርቦን ይገኛል። እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሆይል ሲያሰላው በዚህ መንገድ የሚገኘው ካርቦን እጅግ ትንሽ ሆነበት። ኮከቦች ላይ የሚታየው ካርቦን ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ካርቦን ሦስተኛውን እንግዳ ተቀብሎ የሚያስገባ የጉልበት እርከን ሊኖረው ይገባል ብሎ ተነበየ። እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ሄዶ የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ፋውለር ጋ የነበሩትን ሰዎች «ፈልጉልኝ» አላቸው። ፈለጉ፣ አገኙትም። 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ። በሳይንስ ታሪክ ከሚደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ግን በዚያን ጊዜ ሆይል ስለ ሕይወት አልተናገረም። የተነሳው ከኮከቦች ካርቦን ብዛት ነበር። አንድ ታላቅ አእምሮ በፊዚክስ ውስጥ እጁን አስገብቷል የሚመስል ነገር የጻፈው ወደ 30 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አልተንበረከከም። ቢግ ባንግን፣ ማለትም ጽንፈ ዓለም በታላቅ ፍንዳታ ጀመረ የሚለውን ሐሳብ፣ ሳይቀበል ነው እ.ኤ.አ. በ2001 የሞተው። የሞተን ሰው ያላደረገውን አደረገ ማለት ደግ አይደለም።

ስንት ጣት ይለቀቃል? ይህንም አስልተውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ማሪዮ ሊቪዮና ባልደረቦቹ ያን እርከን በ60 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ አድርገው ሞከሩት፤ ኮከቦች የሚያመርቱት ካርቦን ብዙም አልተለወጠም። ወደ 277 ሺህ ሲያደርሱት ግን ካርቦኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠርዝ አለ። የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ጠርዝ ግን አይደለችም። እርከኑ «በሚሊዮንኛ» እንኳ መዛነፍ አይችልም ያልክበት ቃል ይውጣ።

«ዳርክ ኢነርጂ እስከ 120ኛው አሃዝ ድረስ ተለክቶ ተቀምጧል» ያልከው ላይ ጠንከር ልበል፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ሰው የሚደጋግመው ይህን ነው።

ማንም 120 አሃዝ አልለካም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች በሩቅ የፈነዱ ከዋክብትን እያዩ ጽንፈ ዓለም የሚሰፋበት ፍጥነት እየጨመረ መሆኑን አገኙ። ለዚህም ፐርልሙተር፣ ሽሚትና ሪስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኖቤል ተሸለሙ። ፍጥነቱን የሚጨምረውን ምንነቱ ያልታወቀ ጉልበት ነው ዳርክ ኢነርጂ የሚሉት። ዛሬ ይህ ጉልበት ከጽንፈ ዓለም 70 በመቶ ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። የምናውቀው በሁለት አሃዝ ያህል ነው። ታዲያ 120 ከየት መጣ? የፊዚክስ ሰዎች ስለ ባዶ ቦታ ባላቸው ንድፈ ሐሳብ ይህ ጉልበት ስንት መሆን እንዳለበት በግምት ሲያሰሉ፣ መልሱ ከተለካው 1 ከኋላው 120 ዜሮ ያህል እጥፍ በልጦ ይመጣል። ቁጥሩ በግምቱና በልኬቱ መካከል ያለ ክፍተት ነው።

ሱሪ ልታሰፋ ሄደህ ሰፊው «ለአንተ ከዚህ እስከ ጨረቃ የሚደርስ ጨርቅ ያስፈልጋል» ቢልህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ስሌቱን ነው። ሱሪው ልክህ ሲሆን ካየህ በኋላ «ከጨረቃ ደርሶ በተአምር አጠረ» አትልም። እዚህም ስሌታችን ውስጥ ያልገባን ነገር ሊኖር ይችላል።

ነገሩን አቃልዬ ግን ላልፈው አልፈልግም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ማለትም ከግኝቱ 11 ዓመት በፊት፣ ይህ ጉልበት እጅግ ቢበዛ ጋላክሲ መሰብሰብ እንደማይችል አሳይቷል። ስለዚህ ላዩ ወሰን አለው። ዋይንበርግ ያሰመረው ወሰን ዛሬ ከተለካው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግምቱ ከሚለው ጋር ሲነጻጸር ግን ወሰኑም ራሱ ኢምንት ነው። ይህ ለምን ሆነ? ማንም አያውቅም። «ማንም አያውቅም» ብለህ ብትጽፍ ኖሮ እጄን አንስቼ እደግፍህ ነበር። አንተ ግን «ተረጋገጠ» አልክ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ ነገር ከዚህ በፊት ሆኗል። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የጽንፈ ዓለም እፍጋት ከአንድ የተወሰነ ልክ ቅንጣት ቢዛነፍ ኖሮ፣ ወይ ወዲያው ተመልሶ ይኮማተር ወይ ተበትኖ ይቀር ነበር። ይህም ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አለን ጉት የሚባል ወጣት፣ ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ላይ በቅጽበት ተለጥጦ ከሆነ እፍጋቱ በራሱ ወደዚያ ልክ እንደሚመጣ አሳየ። ሐሳቡ ላይ ዛሬም ክርክር አለ። ብዙዎች ግን ተቀብለውታል። ያ ቁጥር ዛሬ ለብቻው የተቃኘ ተደርጎ አይታይም። «ይሄ በሌላ መንገድ ሊሆን አይችልም» ብሎ በአንድ ቁጥር ላይ የቆመ ሰው፣ ያ ቁጥር ሲብራራ መቆሚያ ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው። «ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ዜሮ ነው» ብለሃል። ብሔራዊ ሎተሪን በምሳሌ አንስተሃል።

የሎተሪ ዕድል ማስላት የሚቻለው ስንት ትኬት እንደታተመ ስለሚታወቅ ነው። ሰፊው እጄ ረጅም መሆኑን ያወቀው ስንት ሺህ እጅ ስለለካ ነው። አንድ ሰው ብቻ ለክቶ የሚያውቅ ሰፊ ግን «ይህ እጅ ብርቅ ነው» ቢለኝ አላምነውም። ብርቅ መሆኑን በምን አወቀ? እኛ የለካነው ጽንፈ ዓለም አንድ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሌላ መሆን ይችሉ እንደነበር እንኳ እርግጠኛ አይደለንም። ይችሉ ከነበረ ከስንት እስከ ስንት? የትኛው ቁጥር ከየትኛው ይልቅ የመውጣት ዕድል ነበረው? ይህን ሳታውቅ ዕድል ማስላት አይቻልም። አለመቻሉን ደግሞ መሐንዲስ ስለሆንክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ድልድይ ስትሠራ የአፈሩን ናሙና አንድ ቦታ ብቻ ቆፍረህ «የመደርመስ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ብለህ አትፈርምም።

ሌላም ችግር አለ። «ቁጥሩ ማንኛውም ሊሆን ይችል ነበር፣ ማብቂያ የለውም» ብለሃል። እሺ፣ ማብቂያ የሌለው ሜትር አስብ። በዚያ ሜትር ላይ አንድ ጣት የጠቅላላው ስንተኛ እጅ ነው? ዜሮ። አንድ ኪሎ ሜትርስ? እሱም ዜሮ። ከዚህ ጀጎልን ዞሮ ድሬ ድረስ ቢሄድስ? አሁንም ዜሮ። ስለዚህ ለሕይወት የሚሆነው ክፍል እጅግ ሰፊ ቢሆን እንኳ በአንተ ስሌት ዕድሉ ዜሮ ይወጣል። ጠባብነቱ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ያ ሁሉ የካርቦንና የፕሮቶን ትረካ ለስሌትህ አላስፈለገም። እንዲህ ያለ ስሌት የሆነ ቦታ ተሰብሯል።

የምድርና የፀሐይ ርቀት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ብዙ ልብስ አይተናል። ከፀሐያችን ውጭ ያሉ ከዋክብትን የሚዞሩ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል። የሚያቃጥል አለ፣ የሚያቀዘቅዝ አለ፣ መሐል የሚገኝም አለ። ከብዙ ፕላኔት አንዱ ልክ ቢሆን አይገርምም። ልብሱ ያልሆነለት ለብሶት አይወጣም፣ መንገድ ላይ የምታየው የሆነለትን ነው።

በሌላ ወገን ያሉትም ግን መልስ አላቸው ብዬ አላምንም። «ባይቃኝ ኖሮ ቆመን አንጠይቅም ነበር» ይላሉ። ይህን ሐሳብ መልክ ያስያዘው የፊዚክስ ሊቁ ብራንደን ካርተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ክራኮቭ ላይ በተደረገ ጉባኤ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ብዙ ፕላኔት ባለበት ጥሩ መልስ ነው። ጽንፈ ዓለም አንድ ብቻ ከሆነ ግን ምንም አያብራራም። ከከባድ የመኪና አደጋ የተረፈ ሰው «እንዴት ተረፍኩ?» ሲል «ባትተርፍ አትጠይቅም ነበር» ቢሉት መልስ አይሆነውም።

ስለ መልቲቨርስ አንድ አንቀጽ ይበቃኛል። «ከፈጣሪ ለመሸሽ የተፈጠረ ተረት» ብለኸዋል። ብዙ ጽንፈ ዓለማት አሉ የሚለውን እኔም አልደገፍኩበትም፤ እስካሁን በሙከራ አልተረጋገጠም። ግን የመጣው ከሽሽት አይደለም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሊንዴና ቪለንኪን የቅድሙን የጉት የመለጠጥ ሐሳብ ሒሳብ ሲከተሉ ነው እዚያ የደረሱት። ዶን ፔጅ የሚባል የሆኪንግ ተማሪ የነበረ ሊቅ ደግሞ አጥባቂ ክርስቲያን ነው፣ ፈጣሪ ብዙ ጽንፈ ዓለማትን ቢፈጥር ምን ይከለክለዋል ብሎ ይከራከራል። እሱንም «አያምንም» ልትለው ነው?

ያ መጨረሻ ላይ የጻፍከው «ወይ አልተማረም፣ ወይ አያምንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው ያሳዘነኝ። ክፍሌ ውስጥ ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ገና እየጠየቀ ያለ ልጅም አለ። ያ የሚጠይቅ ልጅ ጽሑፍህን አንብቦ «2 በመቶ» የሚለውን ጨብጦ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንድ ቀን የባርንስን ስሌት ያገኛል። የዚያን ቀን የሚጥለው 2 በመቶዋን ብቻ እንዳይመስልህ። አብሮ የተያዘውን ሁሉ ነው የሚጥለው። እኔ ቤቴ በር ላይ ቆማ «ሌላውስ?» ያለችኝን ልጅ አይቻለሁ። የእኔ እምነት በካርቦን እርከን ላይ አልተንጠለጠለም። እናቴ ካርቦን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ያስተማረችኝ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። የክንዱን ነገር አውጣው። 2 በመቶውን አውጣው። ሆይልን አታንበርክከው። 120ውን በትክክል ጻፈው። «ዜሮ» እና «ተረጋገጠ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሰርዛቸው። በነሱ ምትክ ስለ ፕሮቶንና ኒውትሮን የነገርኩህን አስገባ፤ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ በወረቀት ጽፌልሃለሁ። ከዚያ ለአንባቢ «እኔ ከዚህ ተነስቼ አምናለሁ፣ አንተስ?» በለው። ያኔ ጽሑፍህን እኔው ራሴ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ።

ሱሪዬ ለፊታችን ቅዳሜ ተቀጥሯል። ከሰዓት በኋላ መኪና ግርግር ነኝ። ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተም ስሌትህን ይዘህ ና።